ምከሩልኝ

ኮት ሲያረጅ ይገለበጣል። የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣና ባለቤቱ አዲስ አሰፋሁ ብሎ ገበያ መሀል ይንጎራደዳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስንቱን ገልብጬ ሰጥቻለሁ መሰላችሁ! ጨርቁ ግን ያው ጨርቅ ነው። መንግሥትም እንደኔው ገልባጭ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ለነገሩ ቀድሜ ብረዳስ ምን ላመጣ?

በንጉሡ ጊዜ ነው። በሮቤና በጎባ መሀል በነበረች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን ተዉት፣ ሱቄ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ነበረች። እዚያ የገባ ሰው ሲደበደብ እሪታው ከስፌት መኪናዬ በላይ ይሰማል። ኋላ አዲስ ሻምበል ተሾመ። ደግ ሰው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እያሾፍኩ አይደለም። ገና እንደመጣ ፖሊሶቹን ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ እስረኛ አይመታም። ያጠፋ ሰው ይመከራል!» አለ። ከተማው አጨበጨበ። እኔማ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር፣ ሞኝ!

ፖሊሶቹም ታዘዙ። ድብደባውን «ምክር» አሉትና ቀጠሉ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ ይሄን ልምከረው» ካለ አለቀ። ለሻምበሉ «ተመክሮ ተለቀቀ» ይባልለታል፤ እሱም ደስ ብሎት ያድራል። ብዙ ሳይቆይ ቃሉን ሁላችንም ለመድነው። «እገሌ ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?» «ተመክሮ!» እንስቃለን። ታዲያ ምን እናድርግ፣ እናልቅስ?

የገጠር ሰው ግን ይህን የኛን አማርኛ ከየት ይወቀው? አዴ ሉባባ የሚባሉ እናት ከአጋርፋ በኩል በእግራቸው መጡ። ልጃቸው ከድር ከአንድ የበቅሎ ነጋዴ ጋር ተጣልቶ ታስሮባቸዋል። ጣቢያው በር ላይ ሃምሳ አለቃውን አገኙት።

«ጌታዬ፣ አደራህን፣ ልጄን እንዳትመቱብኝ። አንድ ዓይኔ ነው።»

«ኧረ መምታት ቀርቷል፣ እማማ! እኛ የምንመክር ነን።»

ፊታቸው በራ። «ጋሪ! ጥሩ ነው! እንግዲያው ምከሩልኝ። አባት የለውም፤ ደህና አድርጋችሁ ምከሩልኝ» አሉት።

መቀሴን ወርውሬ ሮጥኩ። «አዴ፣ እንዲህ አይበሉ!» እያልኩ ስደርስ ሃምሳ አለቃው ገብቶ በሩ ተዘግቷል። «አላህ ይስጣቸው፣ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው!» አሉኝ። ወዲያው ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። አዴ ሉባባ ክው አሉ። «ያ ረቢ! የማን ልጅ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። 

አዴን አስከትዬ ከጣቢያው ራቅ ብሎ ወዳለው የሻምበሉ ቢሮ ሮጥኩና በጣቢያው ምክር ማለት ምን እንደሆነ ነገርኩት። አላመነኝም። ተነስቶ ሄደ፣ እኛም ተከተልነው። ከድር ከጆሮው ደም እየፈሰሰ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። እናቱ በዚያ ጆሮው በኩል ተንበርክከው ቢጠሩት ዘወር አላለም።

ሻምበሉ፣ ያ ደግ ሰው፣ ድብደባን ያስቀረልን ሰው፣ ሃምሳ አለቃውን አንገቱን አንቆ ወደ ፖሊሶቹ ገፈተረውና ጮኸ።

«ይሄን ውሻ አስገቡና ምከሩልኝ!»

አዴ ሉባባ ቃሉን አሁን አውቀውታል። የልጃቸውን ራስ እንዳቀፉ፣ «ላኪ! አይሆንም! ዲሳ! ተዉት፣ እሱም እናት አለችው!» እያሉ ለመኑ። ፖሊሶቹ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

ማን ይስማቸው? ሻምበል አይደሉ።