የቆርቆሮው አምባዛ ካሳ

የዚችን ታሪክ መነሻ የሰማሁት ከጎረቤቴ ከኦዜላ ነው፤ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ነው የነገረችኝ። ኦዜላ ደግሞ አትዋሽም፣ ትንሽ ጨመር ነው የምታደርገው። መጨረሻዋን ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

በእኛ ከተማ እንደ ዲያቆን ሆሊስ ያለ ኩሩ ሰው አልተወለደም፤ ሌላ እንዳይወለድም እግዜር ይጠብቀን። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ይነሳል፣ ሱሪውን ከፍ ያደርጋል፣ "እኔ ሆሊስ ከመንግሥት አንዲት ሳንቲም በልቼ አላውቅም!" ይላል። እኛም "አሜን!" እንላለን። ምን እናድርግ፣ ካላልን አይቀመጥማ!

ታዲያ መጋቢት ላይ የከተማችን አሳ ቤት በር ላይ ለማስታወቂያ የተሰቀለው የቆርቆሮ አምባዛ ተገንጥሎ ትከሻው ላይ ወደቀ። በሬ የሚያህል አምባዛ! ትከሻው ተሰበረ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በብሎን ገጣጠሙት። የከፈለለት ሜዲኬር ነው፤ ያው ለእኛ ለአሮጊት ለሽማግሌዎቹ የመንግሥት የጤና መድን። ሆሊስ ይቺን ነገር ምስክርነቱ ላይ አላነሳትም። ማደንዘዣው ከባድ ነበር አሉ፣ ረስቷት ይሆናል።

ጠበቃ ይዞ አሳ ቤቱን ከሰሰ፤ ሠላሳ ሺህ ዶላር ካሳ ተስማሙ። ጠበቃው አሥሩን ለራሱ ቆረጠና፣ "ጋሽ ሆሊስ፣ ካሳ ሲገኝ ሜዲኬር ለጉዳቱ ያወጣውን መልሱልኝ ይላል፤ ሕጉ ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ ሃያው እኔ ዘንድ ይቆይ" አለው። ሚስቱ ናድሪን ደግሞ፣ "ኩሽናው እያፈሰሰ ባልዲ አስቀምጬ ነው የማበስለው፣ ለጣሪያው ይሁን" አለችው።

ሆሊስ ሁለቱንም በጥሞና አዳመጠና በዱቤ ጀልባ ገዛ።

ዓርብ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሳ እየጠበስን ሳለ፣ ደብዳቤውን እያውለበለበ መጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣ።

"ዘረፋ ነው! አሥራ አራት ሺህ መልስ ይሉኛል! ጀልባዬን ሊያስነጥቁኝ ነው!"

"ወይ ግፍ!" አለ ሕዝቡ፣ አሳውን እያኘከ።

"ዝርዝሩንማ ስሙት! ለትከሻ፤ እሺ ይሁን። ለሪህ! አምባዛው የእግሬ አውራ ጣት ላይ ነው እንዴ የወደቀው?"

"ኧረ አልወደቀም!"

"ለስኳር! ለዓይን ሞራ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ተው ውረድ" አለችው ናድሪን ቀስ ብላ፣ እጅጌውን እየጎተተች። ኩሩ ሰው ግን አንዴ ከወጣ የት ይወርዳል?

"ከአምባዛው ጋር ምን አገናኘው? ሪሄን ሲከፍሉልኝ ስምንት ዓመታቸው ነው! ስኳሬን በየወሩ ነው የሚከፍሉልኝ! የዓይኔን ሞራ አምባዛው ባይወድቅም ያስወጡልኝ ነበር! ማስረጃ አለኝ! ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጫለሁ!"

"እውነቱን ነው!" "ሪሁ ይውጣለት!" "ስኳሩም ይውጣለት!" ጩኸቱ ቀለጠ። ፓስተሩ ሳይቀር፣ "ወገኖቼ፣ ይህ በጸሎት የሚያዝ ጉዳይ ነው" ብሎ ሁለተኛ አሳ አነሳ።

ጓደኛዬ ሉቪኒያ እስከዚያ ድረስ ከመጥበሻው ቀና አላለችም ነበር። አሁን ጭልፋዋን እንደያዘች ዞረች።

"አንተ ሆሊስ፣ ሪሁንና ስኳሩን አስቀንስ፣ መብትህ ነው። የትከሻህን ክፈል፣ ጀልባውን መልስ፣ በተረፈው ናድሪን ጣሪያዋን ትጠግን። ለመሆኑ የምትጮኸው ምን ሆነህ ነው? ስንት ዓመት 'ከመንግሥት ሳንቲም አልበላሁም' ስትለን 'አሜን' ስንልህ ኖርን። ይኸው መንግሥት ራሱ፣ የትከሻህን ሳንቲም መልሰህ ቢያንስ በእሷ እውነተኛ ሰው እንድትሆን ደብዳቤ ጻፈልህ!"

ያን ቀን አሜን የሚል ጠፋ።