ውስኪውን ወተት ያደረገው ባንድ

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ራሳችን ብዙ እናወራለን፤ ካንትሪ ሙዚቃ እንደምንወድ ግን አናወራም። ለምን እንደምንደብቀው አላውቅም። ካላመናችሁኝ ዕድሜው አርባን ያለፈ የአዲስ አበባ ሰው መኪና ውስጥ ግቡና ካሴቶቹን አገላብጡ። ከአገር ቤት ዘፈኖች ሥር፣ ከመዝሙሩም ከመንዙማውም ሥር፣ ባርኔጣውን ደፍቶ አጥር የተደገፈ አንድ ፈረንጅ ታገኛላችሁ። ሰውየውን ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፤ ፈረሱ ሞቶበታል፤ ባቡሩም አምልጦታል። እንግሊዝኛው የሚገባን ግማሽ በግማሽ ነው፤ ኀዘኑ ግን አንድም ሳይቀር ገብቶናል። አገሩ ራቀው፣ እናቱ ናፈቀችው፣ የሚወዳት ሴት ሌላ አገባች። ይህን ለማልቀስ የግድ ከብት ጠባቂ አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ይህን የማውቀው አንብቤ አይደለም። ዕቃ ተሸክሜ ነው። በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እዚህ ሜልበርን የአንድ ካንትሪ ባንድ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጅ ስላችሁ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው እንዳይመስላችሁ። ስፒከሩን ቫኑ ላይ የሚጭን፣ ቫኑን የሚነዳ፣ ሲደርስም ስፒከሩን የሚያወርድ ማለት ነው። ለዚህ ሹመት የበቃሁት ከቤተሰቡ ውስጥ ሙዚቃ ያልፈጠረብኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ባንዱ አራት ሰው ነበር። አራቱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜድስቶን በሚባል ሰፈር፣ በታላቅ ወንድሜ በጋሼ ታደሰ ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔም ከካርልተን ፎቅ ቤቴ ወርጄ፣ በትራምም በአውቶቡስም ብዬ እደርሳለሁ።

ከራሱ ከጋሼ ታደሰ ልጀምር። አገር ቤት የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። የፊት ጥርሶቹ በሰው ሠራሽ ከተተኩ በኋላ ግን ትራምፔቱን በነፋ ቁጥር ጥርሱም አብሮ ሊወጣ ይቃጣዋል። ስለዚህ ቤዝ ጊታር ያዘ። መሣሪያውን ለወጠ እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሻለቃ አልተለወጠም፤ ያገኘውን ዘፈን ሁሉ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያስኬደዋል። ሚስቱ የከዳችው ሰው እያለቀሰም ቢሆን ሰልፉን ጠብቆ ነው የሚያለቅሰው።

«ዳድ፣ ይሄኛው ዋልትዝ ነው፤ በሦስት ነው የሚቆጠረው» ትለዋለች ልጁ ሜሮን፣ በእንግሊዝኛ።

«ሦስት እግር ያለው ወታደር አሳዪኝና በሦስት እቆጥራለሁ» ይላታል እሱ፣ በአማርኛ።

ሜሮን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቫዮሊን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ ኖታ አንብባ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ አገጯን አስደግፋ። ካንትሪ ውስጥ ቫዮሊኑ እንደዚያ አይጫወትም፣ እንደልቡ መጨፈር አለበት። እሷም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተጸይፋው ነበር፤ በኋላ ግን አስተማሪዋ የማያይበት ቦታ እንደልቧ መጫወት ጣፈጣት።

ድምፃዊቷ የወንድሜ ሚስት እትዬ ለምለም ናት። የጴንጤ ቸርች መዘምራን ውስጥ ፊት የምትቆም ሴት ናት፤ ድምጿ ማይክራፎን የሚያስፈልገው ለጨዋነት ያህል ነው። ጊታሩንና ሁለተኛውን ድምፅ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ይዟል። አዎ፣ እሷ ለምለም፣ እሱ ሰይድ። የደሴ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው እስላም፣ እናታቸው ክርስቲያን። እንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚያስደንቃችሁ ከሆነ ወሎን አታውቁም ማለት ነው። ሰይድ ልጅ ሆኖ መንዙማ ሲባል ከበሮ መቺ ነበር፤ ጊታርም ሲጫወት ክሩን ከሚነካው ይልቅ እንጨቱን የሚመታው ይበዛል። ታክሲ ይነዳል፤ ሬዲዮው ከካንትሪ ጣቢያ ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። ባንዱን የመሠረተውም እሱ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ሰይድ እየዘፈነ ሲነዳ፣ ከኋላ የተቀመጠች ማርጋሬት የምትባል አሮጊት አብራው መዝፈን ጀመረች። እህቷን ለመጠየቅ ከገጠር የመጣች ሴትዮ ነበረች። በየዓመቱ ከብት፣ ኬክና ትራክተር የሚወዳደርበት የከተማቸውን ትርኢት ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ አለችው። ሰይድ ስለ ባንዱ ነገራት። ከመኪናው ስትወርድ መድረክ ሰጥታው ወረደች።

በእርግጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ባንዱን የሰማነው እኔና የጋሼ ታደሰ ጎረቤቶች ብቻ ነበርን። ጎረቤቶቹም ወደው አልነበረም። አሁን እውነተኛ ሰው፣ ያውም ካንትሪ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ፊት ሊቀርቡ ነው። ልምምዱ ጠነከረ። ጠቡም የመጣው ያኔ ነው።

ሰይድ ከሁሉ የሚወደው አንድ ዘፈን አለ። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰውዬ ውስኪውን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። እትዬ ለምለም ግን ውስኪ የሚለው ቃል በአፌ አይገባም አለች። ስለዚህ ውስኪው ወተት ሆነ።

«እኔ ራሴ አልጠጣም» አለ ሰይድ፣ «ሰውየው ግን ጠጥቷል! ሚስቱ የከዳችው ሰው ወተት ጠጥቶ ሲያለቅስ የት አየሽ?»

«ሳያለቅስ ይቅር። ጨጓራው ይተርፋል።»

ሁላችንም ሳቅን። ሰይድ አልሳቀም። ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «አንቺ መቼስ ያገኘሽውን ሁሉ ማጥመቅ ነው፤ እኛን ቢያቅትሽ ዘፈኑን ያዝሽ» አላት።

ቀልድ ነው ብሎ ነው የተናገረው። እሷ ግን ፊቷ ልውጥ አለ። ቸርች የገባች ጊዜ ከቤተሰቡ ስንቱን ቃል እንደሰማች የምታውቀው እሷ ናት፤ ያኔ አንድ ክፉ ቃል ያልወጣው ደግሞ ሰይድ ብቻ ነበር። ማይክራፎኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ልምምድ አላቋረጡም፣ መነጋገር ግን አቋረጡ። «ሜሮን፣ አጎትሽን ትንሽ ዝቅ አርጎ ይጀምር በይው።» «ሜሮን፣ እናትሽን ገብቶኛል በያት።» ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተነካክተው ነው የቆሙት። ምስኪኗ ልጅ በአማርኛ የተነገራትን ለአማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ታደርሳለች።

ቀኑ ደረሰና በቫኑ ተጫንን። ዛሬ በቤት የታጨቀው ታርኔት ያኔ ገና የሣር ሜዳ ነበር፤ እሱን በግራ ትተን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ጋሼ ታደሰ ከአጠገቤ ተቀምጦ በጣቱ ሰልፍ ይመታል። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከስፒከሩ ይከብዳል፤ ሁለቱንም ስለተሸከምኩ ነው የምነግራችሁ።

መድረኩ የጭነት መኪና ጀርባ ነበር። ሕዝቡ በድርቆሽ እስር ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣ ያላደረገ ሰው የለም። እኛን ሲያዩ ትንሽ ጸጥ አሉ። ክፋት አልነበረውም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው ጸጥታ ነው። እትዬ ለምለም አፏን ስትከፍት ግን ባርኔጦቹ ቀና ቀና አሉ። በሁለተኛው ዘፈን እግሮች መሬቱን መምታት ጀመሩ። ለካ የጋሼ ታደሰ ሰልፍ ለእግር የተመቸ ነው!

ቀጥሎ የሰይድ ዘፈን መጣ። እትዬ ለምለም ዓይኗን ጨፍና፣ ሆን ብላ፣ ወተት የሚለውን ቃል እንደ ሃሌ ሉያ አርዝማ ዘመረችው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ በጩኸትና በፉጨት ተነሣ፤ ባርኔጣውን የወረወረም አለ። ምን ነካቸው ብዬ አጠገቤ የቆመውን ሰው ብጠይቀው፣ «እኛ ሁላችን ላም አላቢዎች ነን እኮ! ስለ እኛ የዘፈነ ሰው አይተን አናውቅም» አለኝ። ሰይድ ይህን ባይሰማም ጭብጨባውን ሰምቷል። የእህቱ ወተት እንዳሸነፈው ገብቶት ፊቱን ወደ ጊታሩ ደፋ።

ከዚያ በኋላ አስተዋዋቂው ወጣና እያሳሳቀ፣ እስኪ ደግሞ ከአገራችሁ አንድ አሰሙን አለ። በእንግሊዝኛ አገርም ካንትሪ፣ ሙዚቃውም ካንትሪ ነው።

«ካንትሪ ተጫወቱ ነው የሚለው?» አለ ጋሼ ታደሰ፣ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ሳያይ። «እስካሁን ታዲያ ምን ስንጫወት ነው የዋልነው?»

«የእኛን ነው ያለው፣ የኢትዮጵያን» አለች ሜሮን፣ በእንግሊዝኛ።

አራቱ ተያዩ። በዚያ መድረክ ላይ ያሉት ኢትዮጵያውያን አራቱም በአንድነት የሚያውቁት አንድ የኢትዮጵያ ዘፈን የለም! ጋሼ ታደሰ፣ ንጉሥ ሲቀበሉ የሚነፋውን ሰልፍ አለ። እትዬ ለምለም መዝሙር አለች። ሰይድ፣ ለሜሮን እየነገረ፣ መንዙማ ልጀምር አለ። አንዱ የሌላውን አያውቀውም። ሕዝቡ ይህን ሁሉ አማርኛ በስፒከር እየሰማ በትሕትና ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮማ ግጥም መስሏት ነው መሰለኝ አጨበጨበች።

ያኔ ሜሮን፣ ሁሌም በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ፣ ወደ እናቷ ዞራ በአማርኛ «እማዬ፣ ሳህን ስታጥቢ የምታንጎራጉሪያትስ?» አለቻት። መልስም አልጠበቀችም፤ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር አድርጋ ጀመረችው።

ሰይድ ቀና አለ። ሜሮንን አልጠየቀም። በቀጥታ እህቱን «እንዴ! አንቺ እስከ ዛሬ ታንጎራጉሪያታለሽ?» አላት።

«አንተ የረሳሃት መስሎኝ ነበር» አለችው።

እናታቸው ደሴ፣ ምድጃ ሥር ሆነው ልጆቻቸውን የሚያጫውቱባት ዘፈን ነበረች። ሰይድ ጊታሩን ገልብጦ ጀርባውን እንደ ከበሮ መታው፤ ሁለቱም ገቡ፦

ውረጂ ፍየሌ፣ ውረጂ ከዳገት፣
ሽሮዬ አረረ ስጠብቅሽ ድንገት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በትክክል እንደዚያ አይደለም የተሰማው። እሷ ሽሮዬ ስትል እሱ ምስሬ ብሏል፤ ሁለቱም እኩል ጮክ ብለው። ዓይን ለዓይን ተያዩና እትዬ ለምለም እዚያው መድረኩ ላይ ሳቅ አፈናት። ሁለተኛውን ዙር እሱ እያባሰ ምስሬ፣ እሷም እያባሰች ሽሮዬ። ጋሼ ታደሰ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በሦስት ቆጠረ። ላም አላቢዎቹ ሁሉ «ፍየሌ» የምትለዋን ብቻ ነጥቀው ይቀበላሉ። እኔም ስፒከሩን ደግፌ፣ ቃሉ እስኪጠፋኝ ድረስ ጮህኩ።

በመልሱ መንገድ ቫኑ ውስጥ ጆሮ የሚያሳርፍ አልነበረም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው። አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ። እንዴት? በአራት ዓመት የምበልጥህ እኔ! ሜሮን የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ተኛች፤ መልእክተኛነቱ አብቅቶላታል። ክርክሩ ሜድስቶን ደርሶም ስላላለቀ፣ በማግስቱ ደሴ ጎረቤት ቤት ደውለው እናታቸውን አስጠሩ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን።

«እማማ» አለ ሰይድ፣ «ያቺ የፍየሏ ዘፈን፣ የሚያርረው ምስር ነው አይደል?»

«ሽሮ ነው በይው እማማ!»

«ሥጋ ነው» አሉ እናታቸው ከወዲያ ማዶ። «ፈረንጆቹ የት ሽሮ ይበላሉ?»

«የትኞቹ ፈረንጆች?»

«እነዚያ መንገድ ሊሠሩ የመጡት ናቸዋ። ልጅ ሆናችሁ እነሱ ቤት አበስል አልነበር? ማታ ማታ በሸክላቸው አንድ ሰውዬ እያስለቀሱ ያስዘፍናሉ። ዜማው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የሚለው አይገባኝ፤ ፍየሏን እኔ ጨመርኩባት።»

እትዬ ለምለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ታደሰ ቀስ ብሎ ወንበር ሳበ። መጀመሪያ የፈነዳችው ሜሮን ናት፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት የቫዮሊኑን ሣጥን አቅፋ መሬት ተቀመጠች።

«እማማ» አለ ሰይድ ድምፁ ሰልሎ፣ «እኛ እኮ የኢትዮጵያ ነው ብለን በሕዝብ ፊት ዘፈንነው።»

«ሕዝቡ ምን አለ?»

«ወደደው።»

«አብራችሁ ነው የዘፈናችሁት? አንተና እሷ?»

«አብረን ነው እማማ» አለች እትዬ ለምለም።

«እንግዲያው ምን ጎደለና ነው የምትደውሉልኝ?» አሉና ስልኩን ለጎረቤታቸው መለሱ።