ምድጃ ውስጥ ያለ ዝናብ

በየሰፈሩ መጣል የሚባል ነገር የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላው ሰፈር ሰው የተሰበረ ጃንጥላና ዲዳ ራዲዮ ያጠራቅማል። የዚህ ሰፈር ባለማዕረግ፣ ክቡር ጋሽ ቴፕ፣ የሚያጠራቅሙት ግን ቁም ሳጥን የሚያህል የድሮ ኮምፒውተር ቴፕ ማንበቢያ ነው። አንዱ ሳሎን ቆሟል። ሌላው መለዋወጫ ሊሆን መኝታ ቤት ተጋድሟል፤ ሚስታቸው ወደ አልጋዋ የምታልፈው በጎን ነው።

«ይሄ ሬሳ መቼ ነው የሚቀበረው?» ትላለች።

«አልሞተም፣ ደክሞት ነው።»

መልሳቸው ሁልጊዜ ይኸው ነው። የማሽኑ ጎማ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ሲጣበቅ፣ ደክሞት ነው። ሞተሩ ጭስ ሲተፋ፣ ደክሞት ነው። የሰፈሩን መብራት ድርግም አድርገውት ጎረቤት በር ሲደበድብ፣ «መብራቱም ደክሞት ነው» አሉ። ሚስት ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ጋሽ ቴፕ ጡረታ እስኪወጡ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ቴፖቹን ሊጥል ሲል ለምነው ወደ ቤት አመጧቸው፤ የያዙትን መረጃ ወደ አዲስ ዲስክ ሊገለብጡ። ችግሩ፣ ያረጀ ቴፕ እርጥበት ይስባል፤ እንዲሁ ቢያዞሩት ይላጣል። አስቀድሞ ለብ ባለ ሙቀት ሲደርቅ መዋል አለበት። ለብ ያለ ሙቀት ደግሞ ያለው በሚስት ምድጃ ውስጥ ነው።

የሴት ልጃቸው እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በሚመጡበት እሁድም ምድጃው ተይዟል።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ!»

«አሁን ካወጣሁት ይበላሻል፤ ሁለተኛ አይነበብም።»

ዳቦ ከሱቅ ተገዛ። ሚስት እንግዶቹን፣ «ምድጃው ተበላሽቶብኝ ነው» ስትል ከማሽኑ ጀርባ፣ «ኧረ ደህና ነው! እየሠራ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

የእጮኛው እናት ላግዝ ብለው ወጥ ቤት ገቡና ምድጃውን ከፈቱ። «ውይ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዳቦ ነው?»

ሁሉም ግር ብሎ ገባ። ጋሽ ቴፕ በግራሶ የተለቀለቀ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ፣ ቴርሞሜትር ይዘው ደረሱ።

«ቴፑ ላይ ምን አለ?» አሉ የእጮኛው አባት።

«ዝናብ። በየቀኑ የተለካ የድሮ ዝናብ።»

«የዘነበ ዝናብ ለማን ይጠቅማል?»

ሳቅ ሆነ። ልጅቷ አቀረቀረች። ሚስት ግን ከሁሉም ጮክ ብላ ሳቀች፤ የእሳቸው ወገን እንዳልሆነች እንዲታወቅላት።

ጋሽ ቴፕ «አልሞተም» አላሉም። ቴርሞሜትሩን በሸሚዛቸው ጠርገው፣ «እሱስ ልክ ነዎት» አሉ።

ሚስት ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ሳቋን አቋረጠች። ዕድሜዋን ሙሉ በባሏ ስታፍር የኖረች ሴት፣ አሁን በራሷ አፈረች፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ያቃጥላል።

የልጁ እናት የምድጃውን በር እንደያዙ ናቸው።

«በሩን ይልቀቁልኝ፣ እባክዎ» አለች ሚስት።

«ምነው?»

«ሙቀቱ ይወጣል።» እጃቸውን በቀስታ አስለቅቃ ዘጋችው።

«ታዲያ ለዚህ ለሞተ ነገር…»

«አልሞተም» አለች ሚስት፤ ጆሮዋን ማመን አቃታት፤ «ደክሞት ነው።»

ልጅቷ ነገሩ ሁሉ የፈረሰ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። የልጁ እናት ግን ወደ ባላቸው ዞር አሉ። «እኛ አልጋ ሥር ያለውን የቆመ የግድግዳ ሰዓት ሁሉ አንተ ምን ነበር የምትለው?»

የልጁን አባት ድንገት ሳል ያዛቸው።

እንግዶቹ የሠርጉን ቀን ቆርጠው ሲሄዱ ሚስት ወደ መኝታ ቤት ገባች። በጎን እያለፈች፣ የተጋደመውን ማሽን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገችለት።