እምቢ ማለት የማይችሉት የአውቶቡስ ሹም

በአገራችን በፈረንሳይ፣ ምርጫ የተሸነፈ ፖለቲከኛ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ይሾማል። መራጩ «በቃኸኝ» ያለውን ሰው መንግሥት የሚመራው ወደብ ወይም ሙዚየም ይፈልግለታል፤ ወደቡም ሙዚየሙም ከተያዘ አውቶቡስ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው አውራጃ የለም። የእኛው ኤቫሪስት ብሮሳር ይባላሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ የአስተዳደር ሕግ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ስሜት ከማስረጃ እንዲቀድም አልፈቅድም። ክሱን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ክቡርነታቸው በመጀመሪያ ከንቲባ፣ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፣ በመጨረሻም ሚኒስትር ነበሩ። ሚኒስትርነታቸው የቆየው ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፤ የቢሮአቸው መጋረጃ ተሰፍቶ ሳያልቅ መንግሥቱ ወደቀ። ይሁን እንጂ በልማዳችን አንድ ጊዜ ሚኒስትር የተባለ እስከ መቃብሩ ሚኒስትር ነው። ዳቦ ሻጯ እንኳ «ክቡር ሚኒስትር፣ ጠቆር ያለውን ልስጥዎ ወይስ ነጣ ያለውን?» ትላቸዋለች። ከዚያም የምክር ቤት ወንበራቸውን አጡ፤ ከንቲባነቱም ተከተለ። መራጩ በሩን ሁሉ ሲዘጋባቸው የአውራጃው አውቶቡስ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ብቅ አሉ። ከዚያ በፊት ከአውቶቡስ ጋር የነበራቸው ትውውቅ መንገድ ሲዘጋባቸው ከኋላው ሆነው ጥሩምባ ማስነፋት ነበር።

ሹመታቸውን የጀመሩት በጉብኝት ነው። እንደሚታወቀው በዓመታዊው የእርሻ ትርኢት ላይ የላም ዳሌ መታ መታ ያላደረገ ፖለቲከኛ ድምፅ አያገኝም። ክቡርነታቸውም ወደ አውቶቡሶቹ ማደሪያ ገብተው፣ በተርታ የቆሙትን መኪኖች የኋላ ጎናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ጠንካራ ናት! ይህችስ ስንት ዓመቷ ነው?» ይሉ ጀመር።

የጋራዡ ኃላፊ ጊስሌን እጇን በጨርቅ እየጠረገች «አይድከሙ፣ ክቡር ሚኒስትር» አለቻቸው። «ይቺ ከነጠፈች ቆየች።»

ሁለተኛው ክስ ከዚህ የከፋ ነው። ክቡርነታቸው ምርጫ ማለቁን ሰውነታቸው ሊቀበል አልቻለም። አውቶቡስ ላይ ሲወጡ የተሳፋሪውን ሁሉ እጅ ሳይጨብጡ አይቀመጡም፤ ሾፌሩም አለቃው ቆመው እያሉ ሞተር ለማስነሳት ይፈራል። «ባቡሬ አመለጠኝ እኮ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው ካለ እሱን በሁለት እጃቸው ይጨብጡና «ጉዳዩን በግሌ ይዤዋለሁ» ይሉታል። አንዲት ሴት አውቶቡሱ ደጄ ላይ ይቁምልኝ ብላ ለመነቻቸው፤ ቆመላት። ጎረቤቷ ሰማ፤ ለእሱም ቆመለት። «ፈጣኑ» የሚባለው መስመር በየበረቱ ደጃፍ የሚቆም ሆነ። እኝህ ሰው በሕይወታቸው ፊት ለፊታቸው ለቆመ ሰው እምቢ ያሉበት ቀን ስለመኖሩ አንድም ማስረጃ አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቀው ለጨዋታ ብዬ ስላጠናሁት አይደለም። እህቴ ሲዶኒ ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ከመንደራችን ከሳርዠየር ወደ ከተማው ሆስፒታል ለእጥበት የምትመላለሰው በአውቶቡስ ነው። እኔ ዓይኔ ደክሞ መኪና መንዳት ተከልክያለሁ፤ የሸለቆው የሕክምና ታክሲ ባለቤትም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተተኪ አልተገኘም። እንግዲህ የድርጅቱ ቦርድ የእኛን መስመር ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሊዘጋ መወሰኑን፣ ክቡርነታቸውም ሊያረዱን እንደሚመጡ ስንሰማ በቤታችን እራት አልተበላም።

«ከዘጉት እንከሳለን» አልኳት።

«ክሱ ምን ያህል ይቆያል?»

«ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።»

«እንግዲያው ለኩላሊቶቼ ንገርልኝ» አለች። «ቀጠሮ ይያዝላቸው።»

ስብሰባው በመንደሩ የድግስ አዳራሽ ነበር። ክቡርነታቸው ወረቀታቸውን ዘርግተው «ውድ ወገኖቼ፣ ዛሬ የማሰማችሁ ከባድ...» ብለው ቆሙ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ።

አይብ ሠሪው ኦክታቭ ከኋላ «ጨርሱት እንጂ!» አለ። «ሬሳውን ይዘው መጥተው በር ላይ ይቆማሉ እንዴ?»

ያን ጊዜ ሲዶኒ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። «ክቡር ሚኒስትር፣ እኔ ንግግር አላውቅም። ሰኞ በምን ልሂድ?»

አዳራሹን አዩት። ፊታቸው ላይ ያ የቆየ ሕመማቸው ሲነሣ አየሁ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «መስመሩ አይዘጋም!» አሉ። «እሑድም ይጨመራል! ጉዳዩን በግሌ ይዤዋለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ። የቦርድን ውሳኔ ሥራ አስኪያጅ ሊሽረው አይችልም፤ ይህን ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት ይማሩታል። ወደ ቤት ስንመለስ ሲዶኒ «ሕጉ ምን ይላል?» አለችኝ። ባዶ ቃል ነው እንደሚል ነገርኳት።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሲዶኒ ቦርሳዋን ታቅፋ ወደ መታጠፊያው ታያለች፤ እኔ የእሷን እግር አያለሁ፤ አብጧል። የወተት መኪና አለፈ። ትራክተር አለፈ። ይቅር እንመለስ ልላት አፌን ስከፍት የአውቶቡሱ መብራት ጉሙን ቀደደው።

ፊት ወንበር ላይ ክቡርነታቸው ተቀምጠዋል፤ ጺማቸውን አልተላጩም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ሾፌሩን መልሰው እንዳይጠሩት አብሬው መጣሁ። ቦርዱ ከትናንት ጀምሮ ይደውልብኛል፤ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ስልክ አይሠራም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐሙስ ተሰብስበው ሊያባርሩኝ ነው።»

«መስመሩስ?»

«እኔ የሄድኩ ዕለት ይዘጋል።»

ሲዶኒ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጇን ጨበጡ፤ በዚያው ይዘውት ቀሩ፤ ማን ማንን እንደያዘ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሕግ አውቃለሁ ትል የለ? ተከራከርላቸዋ!»

እነሆ መከላከያቸውን ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ያለኝ ማስረጃ ሁሉ የሚመሰክረው በእሳቸው ላይ ነው፤ የሰበሰብኩትም እኔው ነኝ። ከሥልጣናቸው አልፈዋል፤ እውነት ነው። የሌላቸውን ሰጥተዋል፤ እውነት ነው። የሚያድናቸው አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ፤ እንደገና ፈለግሁ፤ ነገ ሐሙስ ነው። ሲዶኒ ከጓዳ ብቅ ብላ «አገኘህ?» አለችኝ።

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያው ሕጉን ተወውና ሰውየውን ጻፋቸው።»

ጻፍኳቸው። ክቡራን የቦርዱ አባላት፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ናቸው። እባካችሁ እሳቸውን ተዉልን።