የድስት ቂጥ ያላየ ባል

ቤት መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የለቀቀ ብቻ ነው። “የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ” የተባለው ስለ አገር ይመስላችኋል እንጂ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ስለ ማድቤት ነው። አልጋ ይፈታል፣ ይታሰራል፣ አለቀ። ማድቤት ግን ማለቂያ የለውም፤ ማንኪያው ማንኪያ እየወለደ፣ ክዳኑ ከድስቱ እየበዛ “ይሄ ሁሉ የት ነበር?” ያሰኛል። በዚያ ላይ የሸዋሮቢት ሙቀት አለ፤ እዚህ ቆሞ ማሰብ እንኳ በላብ ያጠምቃል።

እኔ ደግሞ ስልክ ከገዛሁ ወዲህ የማላውቀው ነገር የለም። ሚስቴ ከድጃ አዲሱን ቤት ልትጠርግ ከወንዙ ማዶ ስትሄድ “ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ጠቅልልልኝ፣ ሌላውን እንዳትነካ” አለችኝ። እንዳትነካ! በትዳር ሃያ አምስት ዓመት የኖረ ወንድ እንዲህ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ወዲያው ዕቃ እንዴት እንደሚታሸግ የሚያስተምር ሰው ከስልኬ ላይ አገኘሁ። ሳህን በጎኑ ይቆማል እንጂ አይደራረብም፤ የብርጭቆ ሆድ በወረቀት ይሞላል፤ ቢላዋ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ሁሉም ይታጠብ። ማጠብ ጀመርኩ። የሳህኑም የድስቱም ቂጥ በቀለም ተዥጎርጉሯል፤ ቀይ ነጥብ፣ አረንጓዴ ሰረዝ፣ ግማሽ ጨረቃ፣ መስቀል። የልጆች ጨዋታ መሰለኝ። በሽቦ ፈገፈግኩት፤ እምቢ ያለውን ከባጃጅ ሹፌር በለመንኩት ቤንዚን አስለቀቅኩት።

እናንተ ሴቶች አሁን ራሳችሁን ይዛችኋል። እናንተ ወንዶች “ታዲያ ምን አጠፋ?” ትላላችሁ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ፤ ሳህን የማውቀው በላዩ በኩል ነው። ለካ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዕቃዋን ስታውስ እንዳይቀላቀልባት ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ታደርጋለች። የልጃችን ሠርግ ካለፈ ወር አልሞላውም፤ የሰፈሩ ግማሽ ማድቤት ገና ሳይመለስ እኛ ቤት ነበር። ድስቱ ሁሉ ደግሞ ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው!

ከድጃ ስትመለስ አንዱን ድስት ገለበጠች። ሌላውን ገለበጠች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

“ምን በድዬህ ነው?” አለች። “ይሄን ሁሉ ዓመት ከሰው ሳልጣላ ከኖርኩበት ሰፈር ‘ዕቃችንን ጭና ሄደች’ ተብዬ ልውጣ?”

አፈርኩ። እውነቷን እኮ ነው። በኛ ሰፈር ስድብ ይረሳል፤ የሰው ጭልፋ ያስቀረች ሴት ስሟ ግን ለልጅ ልጇ ይተርፋል።

በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ሊያግዙን መጡ። እገዛው ዕቃ መለየት ሆነ። እትዬ ዘይነባ “ወላሂ የኔ ነው!” ሲሉ፣ እትዬ አስካለ “ሚካኤልን የኔ ነው!” ሲሉ፣ ለአንድ ጭልፋ በሁለት ሃይማኖት ተማለ። የሚገርማችሁ፣ የተጣመመውና ጆሮው የወለቀው ዕቃ ባለቤት አልነበረውም። ሁሉም የሚያስታውሰው አዲስ አዲሱን ነው። ከድጃ ለሁሉም “ውሰዱ፣ የናንተው ነው” አለች። እኔም የቀረውን የሰፈሩን ቅራቅንቦ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጋሪ ላይ ጫንኩ። አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ሳይሰበር ደረሰ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ዘይነባ “እንኳን ደህና ገባችሁ” ሊሉን አንድ ድስት የማሾ ወጥ ይዘው መጡ። ያን ቀን ምለው ከወሰዷቸው ድስቶች አንዷ ናት። ክዳኗን አየሁት፤ እጀታው ወልቆ እኔው በገዛ እጄ ቡሎን ያሰርኩለት! አፌን ስከፍት ከድጃ እግሬን ረገጠችኝ።

“ድስት ይገዛል” አለችኝ፣ እንግዳችን ሲወጡ።

የጎረቤት ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ከድጃ ድስቷን አጥባ ዶሮ ወጥ ጢም አድርጋ ሞላችባትና አሸከመችኝ። ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ ጠብታ ሳላፈስ ወንዙን ተሻገርኩና የገዛ ድስታችንን አስረከብኩ። እትዬ ዘይነባ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

“ከድጃን አላህ ይጠብቅልህ” አሉኝ። “የሰው ዕቃ እኮ እጇ ላይ አያድርም።”

“አሚን” ብዬ ወጣሁ።