«ግልጽ ነው» ባዩ ሐጂ

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ የሐጂን ነገር ንገሪን» አሉኝ። ሁሉን ነገር «ግልጽ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሞት ቢመጣበት እንኳ «ጠብቄው ነበር» የሚል?

ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ስትነሳ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት መድኃኒት ቀማሚው ሐጂ እንዲያ ነበሩ። ልጄ ሂንድ ከከርቤ ሙጫ ተነስታ አዲስ የቁስል መድኃኒት ሠራች። የፈጠራ መብት የሚሰጠው የውጭ አገር የፓተንት ቢሮ ግን «ለባለሙያ ሁሉ ግልጽ ነው፤ ፈጠራ አይባልም» ብሎ ጣለባት። ይግባኟ በዕለቱ እስከ ዙህር ሶላት ካልተላከ የሰባት ዓመት ልፋቷ ውኃ በላው። ይግባኙን ስትጽፍ ሐጂ ብቅ አሉ።

«ወላሂ፣ ይሄማ ግልጽ ነው!»

«ታዲያ ሐጂ፣ ለምን እርስዎ አልሠሩትም?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ይግባኙ ተሳካ። ሂንድ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ሐጂ ፋክስ ቤት ደጅ ጠብቀው፣ «እኔም ይህንኑ አሥር ዓመት ሞክሬ አቅቶኛል» ብለው የፈረሙበትን ወረቀት ሰጥተዋት ኖሯል። ያሸነፈላትም ያ ወረቀት ነው።

«ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ» ብለዋታል።