የሊቀ መንበርነት ጸጉር

ሰው በገዛ ጸጉሩ ብቻ ታላቅ ሆኖ አያውቅም። የጥንት ግብጽ መኳንንት የራሳቸውን ተላጭተው የተሠራ ጸጉር ይደፉ ነበር። አንድ የፈረንሳይ ንጉሥ ራሱ ሲመለጥ ዊግ ቢያጠልቅ፣ ጸጉራም ባለሟሎቹ ሁሉ ዊግ አጠለቁ። የእንግሊዝ ዳኞችም ያለ ዊግ ፍርድ አይጣፍጣቸውም ይባላል። ይህን የከበረ ታሪክ ወደ መተማ ቆላ ያወረዱት ግን አቶ ባየልኝ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል።

አቶ ባየልኝ በገንዳ ውሃ ዙሪያ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያቀኑ፣ ትራክተርም ምላስም ያልጎደላቸው ባለሀብት ነበሩ። የጎደላቸው ጸጉር ነው። እሱንም ከባርኔጣቸው ሥር ሸሽገው ስለኖሩ ከሚስታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ለመምረጥ ሲሰናዳ ግን ተፎካካሪያቸው ደሞዝ ጎፈሬውን አበጥሮ በየስብሰባው ከፊት ይቀመጥ ጀመር። ዕቅዱ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ጎፈሬው በቂ ነበር። በስብሰባ ላይ ባርኔጣ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። አቶ ባየልኝ ሁኔታውን በጥልቀት ገምግመው፣ የማኅበሩ ዋነኛ ማነቆ መጋዘንም ገበያም ሳይሆን የራሳቸው በራ መሆኑን ደረሱበት።

ድንበሩን በእግር ተሻግረው ሱዳን፣ ገላባት ገበያ ከነጋዴዋ ከመጂዳ ሱቅ ገቡ።

«ለሙሽራ ነው?» አለች መጂዳ።

«ለ... ለማኅበር ሥራ ነው።»

«ወላሂ፣ ማኅበራችሁ ታድሏል!» ብላ ወገብ የሚደርስ ጥቁር ዊግ አወረደችላቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ በልብስ መቀስ ከርክማ የወንድ አስመሰለችው።

«አንተ ሰው፣ በዚህ ሐሩር በግ እንኳ ይሸለታል፤ አንተ ጭራሽ ልትለብስ?»

«ዝም በይ! ይህ የአመራር ጉዳይ ነው።»

አመራሩ ያሳክክ ነበር፤ ላቡም በጆሮ ግንዳቸው ይወርድ ነበር። ሆኖም ባርኔጣቸውን አውልቀው ብቅ ባሉበት ሁሉ ተከበሩ።

ምርጫው ሲቃረብ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቶ ገብረማርያም ሽንፋ ላይ ዐረፉ። በአገሩ ልማድ የቅርብ ዘመድ ለሟች ራሱን ይላጫል። ከቀብር መልስ፣ የማኅበሩ አባላት በተሰበሰቡበት ድንኳን፣ የሁሉ አንጋፋ የሆኑት አያ እንግዳው ተነሡ።

«ልጄ ባየልኝ፣ ና ቅረብ። ምላጩ ተዘጋጅቷል።»

«አያ፣ የእኔ ኀዘን በልቤ ነው።»

«ልብህንማ ማን ያየዋል? ራስህን አምጣ!»

ደሞዝ ጎፈሬውን እየዳሰሰ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያሳደገውን ሰው በጸጉር ለወጠው» አለ።

ድንኳኑ አጉረመረመ። እምቢ ቢሉ ወንበሩ ሊያመልጣቸው ነው፤ እሺ ቢሉ ጉዳቸው ሊወጣ ነው። አቶ ባየልኝ «እኔው ራሴ እላጨዋለሁ!» ብለው ምላጩን ነጥቀው ወደ ጓሮ ሮጡ። ዊጉን አውልቀው ተከትላቸው ከመጣችው ከተናኘወርቅ ነጠላ ሥር ወሸቁና ራሳቸውን ወደ መሬት ደፍተው ተመለሱ።

አያ እንግዳው ያንን ራስ ዳበሱት። ሻካራ የለው፣ ጭረት የለው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እኛ ስንላጭ ሥሩ ይቀራል። ይህ ልጅ ግን ኀዘኑ ከሥሩ ነቅሎታል!»

ከተዝካሩ በኋላ የዘመድ ሁሉ ጸጉር አቆጠቆጠ፤ የአቶ ባየልኝ ወይ ፍንክች! አገሩም «በየማለዳው እየተላጨ ያነባል» ሲል መሰከረ፤ እሳቸውም ትሑት ስለሆኑ አላስተባበሉም። ለሙት እንዲህ የታመነ ሰሊጣችንን እንዴት ይከዳል ተባለና በጭብጨባ ተመረጡ። ተናኘወርቅም ዊጉ ከቤት እንዳይገኝ ለመጂዳ በርካሽ መልሳ ሸጠችላት።

ብዙም ሳይቆይ አባላቱ ተራ በተራ ይላጩ ጀመር፤ የተላጨ ሰው የሊቀ መንበሩ ትራክተር ቀድሞ ይደርሰዋል የሚል ወሬ ነበርና። በመጨረሻ ደሞዝም ጎፈሬውን አራግፎ መጣ።

«ምነው ደሞዝ፣ ማን ሞተብህ?» አሉት አቶ ባየልኝ።

«ለጊዜው ማንም። እየተዘጋጀሁ ነው።»

ከዚያም ከጎንደር የመጡ እንግዳ ከተደረደሩት መላጦች መካከል ሊቀ መንበሩን መለየት ተስኗቸው ያመጡለትን ሽልማት ለዘበኛው ሰጡት። ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የሊቀ መንበሩ ራስ ከአባላት ራስ በግልጽ የሚለይበት ክብር እንዲበጅለት በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ደሞዝንም ወደ ገላባት ላከ።

ክብሩ በሚሰጥበት በዓል ዕለት አያ እንግዳው ዊጉን ከካርቶኑ አውጥተው በአቶ ባየልኝ ራስ ላይ ደፉት።

«እንዴት ያለ ልክ ነው!» አለ ደሞዝ አፉን ይዞ።

«ለሹመት የተፈጠረ ራስ እንዲህ ነው፤ ጸጉሩ ራሱ ያውቀዋል» አሉ አያ እንግዳው።

አቶ ባየልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ጌጥ አልወድም። ስለ እናንተ ስል እሸከመዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ተናኘወርቅ ከሴቶቹ ረድፍ፣ «ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን አስተካክሉለት፤ ስቆርጠው መቀሱ ደንዞብኝ ነበር» አለች።

በአዳራሹ ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። ደሞዝ ጎፈሬው የነበረበትን ቦታ ዳበሰ፤ ከጎኑ ያለውም የራሱን ዳበሰ፤ እጆች ሁሉ ወደየራሳቸው ወጡ።

ከዚያም እነዚያው እጆች ወረዱና ከበፊቱ አብልጠው አጨበጨቡ።